ነጭ ሆኖ የወጣው ሳሙና

እናትየው ለልመና የመጡት በእግራቸው ነው። መኪናቸው ወደዚያ መንደር ስለማይገባ ዋናው መንገድ ዳር አስቆሙት። ጭቃውን በተረከዛቸው እየወጉ፣ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ በእጃቸው ከፍ አድርገው አለፉና የልጅቷን በር አንኳኩ። ልጅቷ ፀጉሯን ታጥባ በፎጣ ጠቅልላ ነበር። የሳሙና ፋብሪካውን ባለቤት ደጃፏ ላይ ቆመው ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ "ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው" የሚል ነው። ቀጥሎ ደግሞ "እኔን ለማባረርማ ይሄን ሁሉ ጭቃ አይረግጡም" አለች በልቧ።

"ይግቡ እትዬ።"

ያለቻት አንዲት ወንበር ናት። እሷን ለእንግዳዋ ሰጥታ ራሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሴትየዋ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ክፍሏን በዓይናቸው ዞሯት፤ ክፍሏ ትንሽ ስለሆነች ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"ቤትሽ ንጹሕ ነው።"

"ሳሙና አይቸግረኝም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን መልስ ድፍረት ብለው ፊታቸውን ያኮሳትሩበት ነበር። ዛሬ ግን ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ልጅቷን ያስደነገጣትም ያ ሙከራ ነው።

"ልጄን አግቢልኝ፣" አሉ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። እኚሁ ሴት ናቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት "ልጄ ሳሙና ቢቀምም ሳሙና የምትጠቀልል አያገባም" ብለው ይህችኑ ልጅ ከመቀመሚያው ክፍል ያስወጧት። ከዚያ ወዲህ በፊታቸው ስታልፍ ዓይናቸው እሷን አልፎ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

"አሁን ምን ተገኘ እትዬ?"

"ምን ይገኛል? ያለውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።" ድምፃቸው ሰለለ። "ሚስት ትሆነዋለች ብዬ ያሰብኳት ልጅ አንድ ቀን ሆስፒታል መጥታ አየችው፤ ሁለተኛ አልመጣችም። አልፈርድባትም። እኔ ደግሞ ዛሬ ብኖር ነገ ሟች ነኝ። ማን አለው? አንቺ ስትሆኚ አይቆጣም። አንቺ ስትነግሪው ይበላል።"

"የሚፈልጉት ሚስት ነው አስታማሚ?"

ሴትየዋ ቦርሳቸውን ከፈት ዘጋ አደረጉ። መዋሸት አልፈለጉም፤ ይህን ምስጋና አልነፍጋቸውም።

"ሁለቱንም። ደህና ሆኖ ብትጠይቂኝ እምቢ ነበር የምልሽ፤ ይሄንንም አልደብቅሽም። ግን እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ምናልባት ድግሱ አንቺ ነሽ።"

ልጅቷ ፎጣውን ከራሷ ፈታ መልሳ ጠቀለለችው።

"አስብበታለሁ፣" አለች በመጨረሻ።

"አስቢበት። እኔም ለሱ እነግረዋለሁ። የቅመሙን ምሥጢር ብቻ አደራ፤ ሐኪሙ እንዳይናደድ ብሏል። እስከ ዛሬ እንደያዝነው እንይዘዋለን።"

ሄዱ። ልጅቷ በሩን ዘግታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ገና እንደሞቀ ነው። ይህን ቃል ከኚህ ሴት አፍ ለመስማት ስንት ሌሊት ተገላብጣለች! ስንት ጊዜ ሰምታው በሕልሟ አልቅሳለች! አሁን በጆሮዋ ሰማችው፤ ከተመኘችው ነገር ውስጥ የጎደለ የለም፤ ግን መረራት።

* * *

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ፋብሪካው ትልቅ አይደለም። ታች ስብና ኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ ሳሙና የሚሆንበት ትልቅ ድስት አለ፤ የሚያማስሉት ሽማግሌ ስማቸውን ሁሉም ረስቶት አባ ማማሰያ ይባላሉ። ሳሙናው ሲወፍር ሽቶ ይጨመርበታል፣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይፈሳል፣ በሽቦ ይቆረጣል፣ መደርደሪያ ላይ ሳምንታት ይደርቃል። በመጨረሻ ጠቅላዮቹ ሴቶች እጅ ይገባል። ላይ፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ በመስታወት የታጠረ ጠባብ ክፍል አለ፤ እሱ መቀመሚያው ነው። የባለቤቷ ልጅ እዚያ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ሽቶ ይቀምማል፤ የቀመመውን በገመድ በታሰረ ቅርጫት ለአባ ማማሰያ ያወርድላቸዋል። ሠራተኛው አፍንጮ የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ማን ምን በልቶ እንደመጣ የሚናገር ሰው ሌላ ምን ይባላል?

እሷን ደግሞ ጠቅላይ ይሏታል። ሳሙና የሚጠቀልሉት ብዙ ናቸው፤ ስሙ የጸናው ግን በእሷ ላይ ብቻ ነው። ስትናገር ካቢኔ የሰበሰበች ነው የምትመስለው።

ፍቅራቸው የተጀመረው በስድብ ነው። አንድ ቀን አዲስ ሽቶ ቀምሞ፣ ማሽተቻ ወረቀት እየነከረበት፣ ሠራተኛውን አንድ በአንድ አስሸተተ። የባለቤት ልጅ የቀመመውን ማን ይነቅፋል? "ግሩም"፣ "ድንቅ"፣ "እጅህ ይባረክ" እየተባለ እሷ ጋ ደረሰ። እሷም ወረቀቱን አንድ ጊዜ ሳበችና መለሰችለት።

"ይሄ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። በዚህ የታጠበ ሰው መንጋጋውን ይዞ ይሮጣል።"

አፍንጮ ወረቀቱን ይዞ ደረጃውን ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ቅርጫቱ ወረደ፤ ውስጡ አንድ ወረቀት አለ፣ ጫፉ ላይ "አሁንስ?" ይላል። አሽትታ ከሥሩ ጻፈችበት፤ "ሐኪሙ ወጥቷል፣ ነርሷ ቀርታለች።" ሳቁ ከላይ እስከ ድስቱ ድረስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ቅርጫቱ ሥራ በዛበት። ሌላው ሰው "ውዴ፣ ሆዴ" እየተባባለ ሲጻጻፍ እነሱ በጣት ስፋት ወረቀት ተሰዳደቡ። አንድ ቀን ካልተሰዳደቡ በማግስቱ ሁለቱም አኩርፈው ይመጡ ነበር። ይህን ነው እናትየው ደርሰውበት የበጠሱት፤ ወይም የበጠሱት የመሰላቸው። ወረቀቱ በአባ ማማሰያ ኪስ መመላለሱን አላወቁም።

ከዚያ የደረጃው አደጋ መጣ። የሳሙና ውሃ የነካው ብረት ላይ የአፍንጮ እግር ተንሸራተተ፤ ጭንቅላቱ የድስቱን ጠርዝ መታ። ለረጅም ጊዜ አልነቃም። ሲነቃ ሰው ሁሉ "ተረፈ" አለ። እውነት ነው ተርፏል፤ ይራመዳል፣ ይናገራል፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ እንኳ የለም። ስለዚህም ነው ነገሩ የከበደው። እጁን ያጣ ሰው እጅ እንደሌለው ይታያል። የሱን ጉድለት ግን አብሮት የዋለ ብቻ ነው የሚያውቀው። የሽቦ መቁረጫው ድምፅ እንደ ሚስማር ይገባበታል፤ ጆሮው ላይ ጥጥ ይወትፋል። ብርሃን ስለሚያመው መስታወቱን በካርቶን ሸፈነው፤ ታች የሚያይባት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተወ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ጉልበቱ ያልቃል። የሚያውቀው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ይጠፋበታል። ቁጣው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣና ጠርሙስ ይሰብራል፣ ከዚያ ስብርባሪውን እያየ ያለቅሳል። ሳቁ ግን ከሆስፒታል አብሮት አልወጣም።

ሐኪሙ ለቤተሰቡ "ለጊዜው አታናድዱት" ነበር ያለው። "ለጊዜው" የምትለዋ ቃል ከሆስፒታሉ ፋብሪካው ድረስ ስትመጣ መንገድ ላይ ጠፋች። የደረሰው "አታናድዱት" የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው አፍንጮን አልተቃወመውም። እንዲያውም አፍንጮ የሚለውም ቀረ፤ "ጋሼ" ይሉት ጀመር። ሲሳሳት "ልክ ነህ"፣ አንድ ታሪክ ደጋግሞ ሲያወራ "እውነትህን ነው?" ይሉታል።

ወደ መቀመሚያው በተመለሰ ጊዜ የመጀመሪያው ቅመም ቅርጫቱ ውስጥ ሲወርድ አባ ማማሰያ አሸተቱትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቅርንፉዱ ሰው ያፍናል። እሷን ጠሩ፤ እሷም አሸተተችና ተያዩ። ያኔውኑ ገባቸው፤ አፍንጮ አፍንጫው ሄዷል። ነገሩ እናትየው ጋ ደረሰ። እናትየውም ወሰኑ፤ ልጃቸው ይቀምም፣ የቀመመው ወለል ለማጠቢያ በሚሠራው ተራ ሳሙና ውስጥ ይፍሰስ፣ ለጥሩው ሳሙና ደግሞ አሠራሩን ከሱ የተማረችው ጠቅላይ በድብቅ ትቀምም። እሷ ሳሙና የሚጠቀለልበት መጋዘን ውስጥ ተደብቃ ትቀምማለች፤ ጠርሙሷን አባ ማማሰያ ካፖርታቸው ሥር ይይዙና ቅርጫቱ ሲወርድ ይለውጣሉ። ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል። ከአንድ ሰው በቀር።

እሷ ይህን ሁሉ ያደረገችው ለፍቅር ነው። እኔም ብሆን አደርገው ይሆናል። ቅርጫቱ በወረደ ቁጥር ከካርቶኑ ቀዳዳ አንድ ዓይን ቁልቁል ያያታል፤ እሷ እጇን አውለብልባ ፈገግ ትላለች። ዓይኑ ግን ሳይመልስላት ይቆያል፣ ቀስ ብሎም ይሸሻል። "ረስቶኛል" ትላለች። "አካሉ ነው የተመለሰው እንጂ የኔን ነገር እዚያው ጥሎት ነው የመጣው" ትላለች። ፈገግታውን ፊቷ ላይ እንደያዘች ወደ ጥቅለላዋ ትመለሳለች፤ እሷን ግን የዚያች ዓይን ብርድ ይዟታል።

* * *

እናትየው በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ቅርጫቱ ያለ ጠርሙስ ወረደ። ውስጡ አንድ ወረቀት አለ። "ነይ" ይላል።

ከአደጋው ወዲህ ወረቀት ሲልክላት የመጀመሪያው ነው። የሥራ ልብሷን አራገፈች፣ ፀጉሯን በጣቷ አስተካከለች። ውሳኔዋን ወስናለች። ሚስትም ትሁን አስታማሚ፣ እንደፈለጉ ይጥሯት፤ እሺ ልትል ነው። ደረጃውን ስትወጣ ብረቱ እንዳይጮህበት በእግሯ ጣቶች ነው የረገጠችው።

ካርቶኑ ክፍሉን አጨልሞታል። እሱ ዱካ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፍቷል። ከጎኑ ያሉት ጠርሙሶች ስማቸው በትልልቅ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ ድሮ ስም አያስፈልጋቸውም ነበር።

"ተቀመጪ።"

ተቀመጠች።

"እናቴ ነገረችኝ። ምን አልሻት?"

"አስብበታለሁ አልኳቸው።"

"አስበሽ ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"ቆይ።" እጁን አነሳ። "መልስሽን ሳትነግሪኝ አንድ ነገር አሽትቺልኝ።"

ከመሳቢያው አንድ ሳሙና አውጥቶ እጇ ላይ አደረገላት። ነጭ ነው፤ ጥርት ያለ ነጭ። አሸተተችው። ገና ሳታሸተውም አውቃዋለች፤ የራሷ ሥራ ነው።

"ጽጌረዳ ነው፣ ሎሚ አለበት። በጣም ያምራል። እንደ ድሮህ ነው።"

"የማን ሥራ ነው?"

"ያንተ ነዋ!"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ካንተ ሌላ ማን ቀማሚ አለን?" አለች። ድምፅዋን ዝግ አድርጋ፣ አለስልሳ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነው ያለችው።

ከዱካው ሥር ከጨርቅ ውስጥ ሌላ ሳሙና አወጣ። ሊያልቅ የደረሰ ነው፣ ገና እርጥብ፣ አንድ ጎኑ በአሸዋ የተፈተገ። ቀለሙ የደረቀ ቅጠል ይመስላል።

"ይሄስ?"

"ይሄማ የወለል ሳሙና ነው።"

"የወለል ሳሙና ሁልጊዜ ግራጫ ነው። ይሄ ለምን ቡናማ ሆነ?"

ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከቅርንፉዱ ሥር አንድ ጣፋጭ ሽታ አለ። ይህን ነገር ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ቫኒላ የገባበት ሳሙና ሲደርቅ ይጠቁራል፤ ምንም ቢደረግ ነጭ አይሆንም።

"ቫኒላ፣" አለች።

"ማንም ሳያየኝ ጨመርኩበት። ብዙ ነው የጨመርኩት። ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። አፍንጫ የለኝም እንጂ ዓይን አለኝ። መደርደሪያውን በሙሉ ዞርኩት፣ ሁሉም ነጭ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አይደል? የኔ እውነት ደግሞ እያደር እየጠቆረ ነበር፤ ግን የት? አንድ ቀን ወለል የምታጥበዋ ሴትዮ ባልዲዋን እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ሥራዬን እዚያ ውስጥ ሲዋኝ አገኘሁት።"

"ማወቅህን…" ሳሙናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "አፍንጫህ እንደሄደ መቼ አወቅህ?"

"ከሆስፒታል ሳልወጣ። ሐኪሙ ሽንኩርት አፍንጫዬ ሥር ይዞ 'ይሸትሃል?' ሲለኝ፣ 'አዎ፣ ሽንኩርት ነው' አልኩት። ሽንኩርቱን እኮ እያየሁት ነው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ቀልድ ነበር። ሁለቱም አልሳቁም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?" ኮፍያውን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቷል። "የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው ያበላሸሁት። ሁለተኛውን ግን አውቄ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ ሆን ብዬ እያባባስኩ ነው የሠራሁት። 'አሁን ትመጣለች' እላለሁ። 'ደረጃውን እየደበደበች ትመጣለች፣ ጠርሙሱን ፊቴ ላይ ትወረውራለች' እላለሁ። በዚያች ቀዳዳ አይሻለሁ። አንቺ ግን እጅሽን ታውለበልቢና… ፈገግ! ልክ እንደ… እንደ… ያ ሕፃን የሚያጫውቱ ሰዎች!"

እንግዲህ ያ ዓይን ይህን ነበር የሚጠብቀው። እሷ ብርድ ያለችው ረሀብ ነበር።

"ሐኪሙ እንዳይናደድ አለ! እናትህ አሉ! እኔ ምን ላድርግ?" ድምፅዋ ከፍ አለ፤ እሱ ፊቱ ሲጨማደድ አየችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

"ጩኺ።"

"ያምሃል።"

"ይመመኝ! ሰው ሁሉ 'እንኳን ተረፍክ' ይለኛል። ተረፍኩ፣ ከዚያስ? ማንም አይጣላኝ፣ ማንም አይቆጣኝ። እንዲህ ሆኖ መኖር፣ መኖር ነው? ጩኺብኝ እባክሽ። አንድ ቀን ጩኺብኝ።"

ያን ጊዜ ከደረቷ አንድ ነገር ተፈነቀለ። ስንት ወር ያፈነችው እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

"እሺ! ደክሞኛል! ሰማህ? ደክሞኛል! ጠዋት ስትመጣ የትኛው ሰው ሆነህ እንደምትመጣ አላውቅም። ድሮ ቀልዴን ሳልጨርሰው ነበር የምትስቀው። አሁን ቀልዱን አስረድቼህ ስጨርስ እኔን ራሴን ልቅሶ ይመጣብኛል። ያ ሰውዬ ናፍቆኛል! ፊቴ ቁጭ ብሎ ይናፍቀኛል! ላልቅስ ብል 'ተርፎልሽ የለ፣ ምን ያስለቅስሻል?' ይሉኛል። ቀብር የሌለው ሐዘን ተቀምጫለሁ! ቅመምህ ደግሞ… ቅመምህ አይጥ ይፈጃል! ወለል የምታጥበዋ እንኳ አፍንጫዋን አስራ ነው የምትሠራው!"

የሱ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሏት ደንግጣ ስትነሳ ሳቅ ነው! ያ ድሮ እስከ ድስቱ የሚሰማው ሳቅ። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ እያመመው ይስቃል። እሷም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ለአንድ አፍታ፣ በዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ምንም ያልወደቀ ምንም ያልተሰበረ መሰለ። አባ ማማሰያ ታች ሆነው ማማሰያቸውን አቁመው ሽቅብ ሲያዩ ነበር አሉ።

ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን ጠረገ።

"እናቴ ጠይቃሻለች፣ አሁን እኔው ልጠይቅሽ። ያንን የድሮውን አይደለም። ይሄንን፣" ደረቱን በጣቱ ነካ። "ይሄን ደካማውን፣ ጠርሙስ ሰባሪውን። ትወጂዋለሽ?"

መልሱ አንድ ብቻ ነበር። ይዛው ነው ደረጃውን የወጣችው። እፊቱ በርከክ አለች፣ ጉልበቱን በእጇ ያዘች፣ ቀና ብላ አየችውና አለችው።

"እወድሃለሁ።"

እውነቷን ነው። እኔ ተራኪው እመሰክርላታለሁ፤ በዕድሜዋ ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ ይሄ ነው። ግን አፏ ልማድ አለው። ቃሉ ሲወጣ ዝግ ብሎ፣ ለስልሶ፣ ሕመምተኛ እንዳያስደነግጥ ሆኖ ነው የወጣው።

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። ፊቱ ላይ የቀረችው የሳቅ ርዝራዥ ቀስ ብላ ጠፋች።

"'እንደ ድሮህ ነው' ስትይኝም በዚሁ ድምፅ ነበር ያልሽው።"

"ይሄ እውነት ነው! በሞተችው እናቴ!"

"ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መለየት አልችልም።" አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "አንድ ሰው ሁሌ ልክ ነህ ካለኝ፣ እወድሃለሁ ሲለኝ ምን አውቃለሁ? ዓለም ሁሉ ሲያባብለኝ፣ አንዲት አለችኝ፣ እሷ አትዋሸኝም እል ነበር። ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረኝም።"

ተነሳች። በዚያ በድሮው ድምፅ ልትለው ፈለገች፤ እየተሳደበች፣ እየደነፋች፣ "እወድሃለሁ አንተ ደደብ!" አለችው ጮክ ብላ። ግን የተጠና ተውኔት መሰለ። ሁለቱም ሰሙት፤ ዓይናቸውንም አንዱ ከሌላው አሸሹ።

"ለእናቴ እኔ እምቢ እንዳልኩ ንገሪያት፣" አላት። "አንቺን እንዳትወቅስሽ።"

"ቆይ እንጂ። ጊዜ ስጠኝ። እለምደዋለሁ፣ እጣላሃለሁ፣ በየቀኑ እጣላሃለሁ።"

"ልትጣይኝ ትሞክሪያለሽ። እኔ ደግሞ ማታ ቤት ስንገባ፣ 'ይሄኛው ጠብ የእውነት ነው፣ ወይስ እንዲሻለኝ ብላ ነው?' እያልኩ አንቺን ሳሸትት ልኖር ነው። የማሸተው በምኔ ነው?"

ከታች የአባ ማማሰያ ድምፅ መጣ። "ቅመም! ቅመም አውርዱ፣ ድስቱ ወፈረ!"

ድስት የሰው ሐዘን አያውቅም። የወፈረ ሳሙና ሽቶው ካልደረሰለት ይጠጥራል፤ የሳምንቱ ሥራ ይበላሻል። እሱ እጁን ኪሱ ከቶ አወጣና ዘረጋላት።

"ይሄን… ይሄን ያዢው። ያ…" ቃሉን ፈለገው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግንባሩ ተቋጠረ። እሷ ልትነግረው አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ቃሉን አጥቶት ተወውና በእጁ የያዘውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የመቀመሚያው ቁልፍ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ቀማሚዋ አንቺ ነሽ። በግልጽ፣ በደንቡ። መጋዘን ውስጥ እየተደበቅሽ አይደለም።"

"እኔ የፈለግሁት ይሄን አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ፣ እያንዳንዱን እርከን በእግሩ እየፈለገ ሲወርድ ሰማችው። ልደግፈው ብላ በሩ ድረስ ሄደች፤ እንደማይፈልግ ታውቃለችና እዚያው በሩ ላይ ቀረች።

"ቅመም! ኧረ በእናታችሁ!"

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች። ጽጌረዳውን አነሳች። እንባዋ አልቆመም። ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ ምንም የለም። ሎሚውን ሞከረች፤ ምንም። በልቅሶ ብዛት አፍንጫዋ ተደፍኖ ሁሉም ጠርሙስ ውሃ ሆኖባታል። ጠብታውን በግምት አንጠባጠበች፣ አማሰለች፣ ጠርሙሱን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጣ ገመዱን ለቀቀች። ከዚያ ካርቶኑን ከመስታወቱ ላይ ቀደደችና ቁልቁል አየች።

አባ ማማሰያ ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱ። ቀና አሉ፤ ያበጠ ዓይኗን፣ የራሰ ጉንጯን አዩ።

"አባባ፣ እንዴት ነው?" አለች ከላይ። "አይሸተኝም። እውነቱን ይንገሩኝ፣ እንዴት ነው?"

ሽማግሌው ጠርሙሱን ድስቱ ውስጥ ገለበጡት።

"በጣም ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣" አሉ፤ ድምፃቸውን ዝግ አድርገው፣ አለስልሰው። "አይዞሽ፣ በጣም ጥሩ ነው።"

ፊታቸውን በእንፋሎቱ ውስጥ ፈለገችው። እውነታቸውን ይሁን አዝነውላት፣ ልታውቅ አልቻለችም።